የወርቅ ቤቱ ሎጎ ዌብሳይት ላይ ለምን ደበዘዘ? የአንድ ሥራ የጉዳይ ጥናት

ሱቁ ወርቅ ቤት ነው። ለረጅም ዓመታት ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ እነሱም ተነሱ። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ 2ኛ ፎቅ ላይ ናቸው። መንገድ ዳር የኖረ ሱቅ ፎቅ ሲወጣ ትልቅ ነገር ያጣል። የድሮ ደንበኛ በእግሩ ሲያልፍ ሰሌዳውን አይቶ ጎራ ማለቱ ይቀራል። የባለቤቱ ልጅ «ደንበኛው ስልኩ ላይ ካላገኘን የት ያገኘናል?» ብላ ዌብሳይት ለማሠራት ወሰነች። ሥራው ወደ እኔ መጣ።

ዌብሳይቱ ራሱ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሎጎው ነው።

ሎጎአቸው በክብ ውስጥ ያለ መስቀል ነው። መስቀሉ ከቀጫጭን የወርቅ ክሮች የተጠላለፈ ነው። ክሮቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ 24 ናቸው። ከሥሩ የሱቁ ስም በአማርኛ ተጽፏል። ባለቤቱ ገና ወጣት አንጥረኛ ሳሉ በእርሳስ የነደፉት ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንዲሁ ልጥራቸው። ሰሌዳው ላይ፣ ቢዝነስ ካርዱ ላይ፣ ቀለበት የሚቀመጥባት ትንሿ ሣጥን ላይ ሁሉ ያ መስቀል አለ። ሱቁ ቦታ ሲቀይር አብሮ የመጣው ዋናው ነገር እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሎጎ ዌብሳይት ላይ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምንሰማው ምክር «ቬክተር አድርጊው» የሚል ነው። ቬክተር ማለት በቀለም ነጠብጣብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የተገለጸ ምስል ነው። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። ቬክተር ምስልን ስናሳድገው እንዳይፈርስ ያደርገዋል። ስናሳንሰው ጥርት እንዲል ግን አያደርገውም። ዌብሳይት ላይ ደግሞ ሎጎ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አንሶ ነው። በዚህ ሥራ ያየሁት ጣጣ አብዛኛው የመጣው ከዚህች ልዩነት ነው።

ኤስቪጂ የተባለው ፎቶ

መጀመሪያ የደረሰኝ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ነበር። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል። በፊደሎቹ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ነገር ይታይ ነበር። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል እንዲህ ነው። ለሰው ፊት፣ ለተራራ፣ ለሰማይ ጥሩ ነው። ሹል ጠርዝ ላለው ፊደልና መስመር ግን አይሆንም። ልጅቷን «ማተሚያ ቤቱን ጠይቂልኝ፤ ኤስቪጂ ካላቸው ፎቶ ሳይሆን ፋይል አድርገው ይላኩልሽ» አልኳት። ኤስቪጂ የቬክተር ምስል የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ነው።

በማግስቱ መጣ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ኤስቪጂ ይላል። መጠኑ ግን 2 ሜጋባይት ነው። እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። ኤስቪጂ ሲከፈት ጽሑፍ ነው። «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ መስመር ሳል፣ ውስጡን በዚህ ቀለም ሙላ» የሚሉ ትእዛዞች ናቸው። የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ3ሲ የኤስቪጂን የመጀመሪያ ደረጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ካወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው። 24 ክር ያለውን መስቀል ለመግለጽ 2 ሜጋባይት ጽሑፍ አያስፈልግም።

ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትኩት። ከላይ ጥቂት መስመሮች አሉ። ከዚያ «ኢሜጅ» የምትል አንዲት ትእዛዝ፤ ከእሷ ቀጥሎ ማለቂያ የሌለው ትርጉም አልባ የላቲን ፊደልና ቁጥር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አንድ ሰው ፎቶውን ኮረል ድሮው የተባለው የስዕል ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ «ኤስቪጂ» ብሎ ሴቭ አድርጎታል። ፕሮግራሙም ፎቶውን እንዳለ በቤዝ 64 ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ፋይሉ ውስጥ ከቶታል። ቤዝ 64 እያንዳንዱን 3 ባይት በ4 ፊደል ስለሚጽፍ ፋይሉ በሲሶ ያብጣል። ማለትም 1.5 ሜጋባይት የነበረ ፎቶ 2 ሜጋባይት ሆነ። ውጩ ቬክተር፣ ውስጡ ፎቶ።

ይህን ለማወቅ ኖትፓድ የግድ አይደለም። ፋይሉን ኢንክስኬፕ ወይም ኢለስትሬተር በሚባሉት የቬክተር መሳያ ፕሮግራሞች ላይ ከፍታችሁ መስመሮች ብቻ ወደሚታዩበት እይታ ቀይሩት። እውነተኛ ቬክተር ከሆነ እያንዳንዱ ቅርጽ በቀጭን መስመር ይታያል። ፎቶ ከሆነ አንድ ባዶ ሣጥን ብቻ ታያላችሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማንኛውም ሎጎ ሲላክልኝ አሁን መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነው።

ቀጥሎ የሞከርኩት አቋራጭ አላዋጣም። ኢንክስኬፕ ፎቶን በራሱ ወደ ቬክተር የሚቀይር ትሬስ የሚባል መሣሪያ አለው። አስጠጋሁት፤ ቀየረውም። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀርቤ ሳየው ግን አንዱ ክር ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሆኗል። ክሮቹ የሚሻገሩበት ቦታ ሁሉ ተጣብቋል። የፊደሎቹ ጥግ ተድቦልቡሏል። ቀጥ ያለ መስመር 2 ነጥብ ይበቃዋል፤ እዚያ ግን አንዱ መስመር ላይ ብቻ በአሥሮች የሚቆጠሩ ነጥቦች ተኮልኩለዋል። ትሬስ የሚያየው ምስሉን ነው፤ መስመር ምን እንደሆነ አያውቅም። የፎቶውን አቧራ ሳይቀር በጥንቃቄ ይስለዋል። ግማሽ ቀን ላስተካክለው ሞክሬ ተውኩት።

ፊደሎቹ ወዴት ሄዱ?

ከልጅቷ ጋር ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው ማተሚያ ቤት ሄድን። ካርዱን መጀመሪያ ያተሙት እነሱ ናቸው። ዋናው የኮረል ፋይል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሠራተኛው ፍላሼ ላይ ገለበጠልኝ፤ በጣም ተደሰትኩ። ቤት ገብቼ ኢንክስኬፕ ላይ ስከፍተው መስቀሉ ፍጹም ነው። ክሮቹ እውነተኛ መስመሮች ናቸው። የሱቁ ስም ግን የለም። በቦታው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የመደመር ምልክት ተደርድሯል።

አማርኛ በኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ የጻፈ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት ነው፤ ግዕዝ ውስጡ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ ከተባለው እትሙ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የራሳቸውን መላ ፈጥረው ነበር። በላቲን ፊደሎች ወንበር ላይ የግዕዝ ቅርጾችን አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ የሚያሳየን ግን «ሀ» ወይም «ለ» ነው። የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ስለሆነ አንድ ፎንት አልበቃም፤ ብዙዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ላይ ተከፋፈሉ። መላው ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ብዙ መጽሐፍና ጋዜጣ ታትሞበታል። ችግሩ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ሲያገኘው ነው። ወንበሩ ብቻ ይቀራል፤ የተቀመጠበት ይሄዳል።

ዌብሳይት ላይ ደግሞ ይህ የግድ ይመጣል። ጎብኚው ስልክ ላይ ያ አሮጌ ፎንት አይኖርም። ፎንቱን ከዌብሳይቱ ጋር ብንልክ እንኳ አይረዳም። ኤስቪጂ እንደ ተራ ምስል ገጽ ላይ ሲገባ ከውጭ ምንም ነገር መጥራት አይፈቀድለትም። የገጹን ፎንትም መዋስ አይችልም። ስለዚህ ሎጎ ውስጥ ያለ ፊደል ወደ ቅርጽ መለወጥ አለበት። ፊደል መሆኑ ቀርቶ እንደ መስቀሉ ስዕል ይሆናል ማለት ነው። ይህ የሚደረገው ግን ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ብቻ ነው። እኔ ጋ ከመጣ በኋላ የሚለወጠው የተበላሸው ጽሑፍ ነው።

ማተሚያ ቤቱ ተመለስኩ። ሠራተኛው ያንኑ አሮጌ ኮምፒውተር ከፈተ። ስሙ ስክሪኑ ላይ ልክ እንደ ካርዱ ሆኖ ወጣ። ጽሑፉን መርጦ ኮንትሮልና ኪው ነካ። ኮረል ላይ ፊደልን ወደ ቅርጽ የሚለውጠው እሱ ነው። ኢንክስኬፕ ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ፤ ኢለስትሬተር ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኦ ነው። ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ሥራ። ያንን ማሽን ባይጠብቁት ኖሮ ግን አይገኝም ነበር። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያላችሁ ማተሚያ ቤቶች፣ እባካችሁ ከመጣላችሁ በፊት የደንበኞቻችሁን ፋይል አንድ ጊዜ ወደ ቅርጽ ለውጡ። አንድ ሰው አንድ ቀን ይፈልገዋል።

ቀለሙን በአጭሩ ልለፈው። የማተሚያ ፋይል በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራት የማተሚያ ቀለሞች ነው። ዌብሳይት የሚያሳየው አርጂቢ፣ ማለትም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ድብልቅ ነው። ወርቃማው ቀለም በራሱ ሲቀየር የደረቀ ሰናፍጭ መሰለ። ጋሼ ጋ ሄጄ ከእሳቸው ጋር ስክሪኑ ላይ አዲስ መረጥን። ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው፤ ቀለም በዓይን ነው የሚፈረደው።

የጆሮ ጌጥ

አሁን እውነተኛ ቬክተር አለኝ። ፊደሉም ቅርጽ ሆኗል። ገጹ አናት ላይ አስገባሁት። ቦታው 48 ፒክስል ነው፤ ፒክስል ስክሪን ላይ ምስል የሚገነባባት ትንሽ ነጥብ ናት። ያየሁት ነገር ክብ ጭጋግ ነበር።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ዋናው ስዕል ወርዱ 120 ሚሊ ሜትር ነው። ክሮቹ የ0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። 120 ሚሊ ሜትር ወደ 48 ፒክስል ሲያንስ አንድ ሚሊ ሜትር 0.4 ፒክስል ይደርሰዋል። ስለዚህ አንዱ ክር 0.2 ፒክስል ሆነ። ስክሪን ግን የፒክስል አንድ አምስተኛ ብቻ ማብራት አይችልም። ያለው ምርጫ ሙሉውን ፒክስል በአንድ አምስተኛ ኃይል መቀባት ነው። ነጭ ላይ የተቀባ አንድ አምስተኛ ወርቃማ ቀለም ደግሞ ከነጭ ብዙ አይለይም። 24ቱ ክሮች እንዲህ ሲደራረቡ ጭጋግ ይሆናሉ። የትኛውም ፋይል የማውጫ (ኤክስፖርት) ምርጫ ይህን አያድነውም። ፋይሉ ጥፋት የለበትም። ስዕሉ ለዚያ መጠን አልተሳለም።

ለትንሽ መጠን ሌላ ስዕል ያስፈልጋል፤ ክሮቹ ይቀንሱ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ። «24 ክር ነው ልጄ። ከእሱ ቀንሰሽ ምን ልታስቀሪ ነው?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሰው ሥራ ላይ መቀስ ይዞ መምጣት ቀላል አይደለም። መልስ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ስክሪኑን አሳየኋቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መሳቢያቸውን ሳቡና አንድ ጥንድ የጆሮ ጌጥ አወጡ። ያው መስቀል ነው፤ ግን ከጥፍር ያነሰ። «ይሄን ስሠራ እኮ ክሩን እቀንሳለሁ። 24ቱን እዚህ ልክተት ብል ሲበየድ አንድ ላይ ይቀልጣል፤ እንክብል ነው የሚሆነው» አሉ። ወረቀትና እርሳስ ጠየቁኝ። የሚቀሩትን ክሮች ራሳቸው ነደፉ። 4 ክር ብቻ። መሐሉ ላይ አንዴ ይሻገራሉ፤ ጫፋቸው ክቡን ይነካል። እኔ ብቀንሰው ኖሮ መስቀል ብቻ ይሆን ነበር። እሳቸው የቀነሱት ግን የዚያው ሱቅ መስቀል ነው።

ከዚያች ወረቀት በኋላ ሥራው ቀለለኝ። ኢንክስኬፕ ላይ ወርዱም ቁመቱም 48 ፒክስል የሆነ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። በየ1 ፒክስሉ መስመር የሚያሰምረውን ግሪድ አበራሁ። ክሮቹን በ2 ፒክስል ውፍረት ሳልኳቸው። ቀለሙን ከትልቁ ሎጎ ትንሽ አጠቆርኩት፤ ቀጭን መስመር ነጭ ላይ ሁልጊዜ ከራሱ ቀለም ይደበዝዛልና። ከሥሩ ያለውን ስም ከትንሹ ስዕል አወጣሁት። በ48 ፒክስል የሚነበብ አይደለም። በምትኩ ከሎጎው ጎን በገጹ ላይ በዩኒኮድ ጻፍኩት፤ ፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው። ብራውዘሩ ጥርት አድርጎ ያሳየዋል፤ ጉግል ላይ ሲፈለግም ይገኛል፤ ዓይነ ስውር ለሆነ ጎብኚ ስልኩ ያነብለታል። ስም የሆነ ነገር እስከተቻለ ድረስ ፊደል ሆኖ ቢቀር ደስ ይለኛል።

በአጉሊ መነጽር

ለልጅቷ ላክሁላት። ስልኳ ላይ አየችው፤ ወደደችው። ከሰዓት በኋላ ደወለች። «ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ላይ ግን አሁንም ብዥ ይላል» አለችኝ። እኔ ስልክና አዲስ ላፕቶፕ ላይ ነበር ያየሁት። ሁለቱም ላይ ጥርት ብሏል። ተነስቼ ሄድኩ።

የሱቁ ስክሪን ተራ ነው፤ ሂሳብ የሚያዝበት። እውነትም ብዥ ይላል። ግን ለምን እንደሆነ ቆሜ ሳይ አልያዝ አለኝ። ጋሼ ከሥራ ጠረጴዛቸው ተነሱ። ድንጋይና ብየዳ የሚያዩበትን አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ። «ነይ እዪ» አሉኝ። «አንድ መስመር አይደለም። መሐሉ ደማቅ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥላ አለው።»

አየሁት። ትክክል ናቸው። 2 ፒክስል መሆን የነበረበት መስመር በ3 ረድፍ ላይ ተዘርግቷል። በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ የተማርኩት ከዚያች ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘግይበት።

የስክሪን ፒክስል እንደ ደብተር መስመር ነው፤ ቦታው አይነቃነቅም። የእኔ መስመር አንዱ ጠርዙ 11 ላይ፣ ሌላው 13 ላይ ነበር። 2 ፒክስል በትክክል ይሞላል። በ48 ፒክስል ቢታይ ጥርት ይላል። ዌብሳይቱ የተሠራበት ቴም (የተዘጋጀ የገጽ ንድፍ) ግን አንድ ቦታ ላይ «የሎጎ ቁመት ከ45 ፒክስል አይብለጥ» የሚል ትእዛዝ ነበረው። እኔ አላየሁትም። 48 ወደ 45 ሲያንስ 11 የነበረው 10.31 ሆነ፤ 13 የነበረው 12.19 ሆነ። መስመሩ ከአንዱ ረድፍ 69 በመቶ ያዘ፣ ከሁለተኛው ሙሉውን፣ ከሦስተኛው 19 በመቶ። ጋሼ «ጥላ» ያሉት ያ 69 እና ያ 19 ነው።

ስልኩ ላይ ለምን አልታየም? የልጅቷ ስልክ አንዱን የዌብሳይት ፒክስል በ3 በ3 ትንንሽ ነጥቦች ነው የሚያሳየው። ያው ጥላ እዚያም አለ። ግን ጥላው የአንዲት ትንሽ ነጥብ ያህል ብቻ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ዲዛይነር ሥራውን ስልክና ውድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ሲያይ ይህ ስሕተት ይደበቅበታል። እኔ አሁን አንድ አሮጌ ስክሪን ከጎኔ አኑሬያለሁ።

ማስተካከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሎጎው ቁመትና ወርድ 48 ፒክስል እንዲሆን በግልጽ ጻፍኩ። ሁለተኛ፣ ስዕሉን ራሱን ደግሜ መረመርኩ። መስመር ውፍረቱ 2 ፒክስል ከሆነ መሐሉ ሙሉ ቁጥር ላይ ይቀመጣል፤ 12 ላይ ሲሆን ከ11 እስከ 13 ይሞላል። ውፍረቱ 1 ፒክስል ከሆነ ግን መሐሉ ግማሽ ላይ መሆን አለበት፤ 12.5 ላይ። 12 ላይ ቢቀመጥ ሁለት ረድፍ ለሁለት ይካፈሉትና ሁለት የገረጡ መስመሮች ይሆናል። ይህ የሚያስጨንቀው ቀጥ ብለው የቆሙትንና የተጋደሙትን መስመሮች ነው። ክቡንና ሰያፍ የሆኑትን ክሮች አልነካኋቸውም። እነሱ ጠርዛቸው በከፊል ጥላ ካልለሰለሰ እንደ ደረጃ ይሰባበራሉ። ጠርዙን በግድ ሹል የሚያደርግ ትእዛዝ ኤስቪጂ ውስጥ አለ፤ ክብ ባለበት ስዕል ላይ ባትጠቀሙበት ይሻላል።

ይህም ቢሆን ዋስትናው ሙሉ አይደለም። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ስክሪኑን 125 በመቶ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ያኔ 48 ፒክስል 60 ይሆናል፤ የእኔ 2 ፒክስል መስመር 2.5 ይሆናል። ጥላ ይመጣል። ልከለክለው አልችልም። ማድረግ የቻልኩት መስመሩ ያንን ጥላ ችሎ እንዲታይ በቂ ውፍረት መስጠት ነው። ለ1 ፒክስል መስመር ግማሽ ፒክስል ጥላ ብዙ ነው። ለ2 ፒክስል መስመር ያን ያህል አይከብደውም።

ፋይሉን ማውጣት

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለዚህ ክፍል ነው። በእኔ እምነት ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው፤ ስዕሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀር ነገር ትንሽ ነው።

ትልቁ ሎጎ ኤ4 ገጽ ላይ ነበር። እንዲሁ ቢወጣ ባዶው ወረቀት አብሮ ይወጣል፤ ዌብሳይቱ ላይ ሎጎው ትንሽ ሆኖ ጥግ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ገጹን በስዕሉ ልክ ቆረጥኩት፤ ኢንክስኬፕ ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮልና አር ነው። ትንሹን ግን እንዲህ አታድርጉት። ገጹ 47.83 የመሰለ ቁጥር ይሆንና ግሪዱ ይዛነፋል። 48 በ48 የሆነውን ገጽ እንዳለ ተዉት።

ቪውቦክስ የሚባለው መስመር ፋይሉ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ስዕሉ የተሳለበትን ሜዳ የሚነግረው እሱ ነው። ከሌለ ምስሉ ሲያንስ አብሮ አያንስም፤ ይቆረጣል። በሚሊ ሜትር የተጻፈ ወርድና ቁመት ካለ ግን አውጡት፤ መጠኑን ዌብሳይቱ ይወስን።

ኢንክስኬፕ በራሱ መንገድ ሴቭ ሲያደርግ የራሱን ማስታወሻ ሁሉ ይጽፋል፤ ግሪዱን፣ መስኮቱ የት እንደነበረ ሳይቀር። ለእናንተ የሚቀረው ፋይል እንዲያ ይሁን። ለዌብሳይት የሚሄደው «ፕሌይን» የሚለው ይሁን። ከዚያ ኤስቪጂኦ በሚባለው ማጽጃ አሳለፍኩት። ከነጥብ በኋላ 2 አኃዝ ብቻ አስቀረሁ። በ48 ሜዳ ላይ አንድ መቶኛ ፒክስል ማንም አያይም። ማጽጃው ግን አንዳንዴ ቪውቦክሱንና የርዕሱን ጽሑፍ አብሮ ይጠርጋል። ስለዚህ ከጸዳ በኋላ አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት ይገባል። ሌላም ገጠመኝ። ማጽጃው ለቀለሞቹ የሰጠው አጭር ስም በሁለቱም ፋይሎች ላይ አንድ ሆነ። ሁለቱን ስዕሎች ኮዳቸውን በቀጥታ ገጹ ውስጥ ስጽፋቸው ትልቁ ሎጎ የትንሹን ቀለም ለበሰ። ስሙን ቀየርኩ፤ ተፈታ።

ትንሹ ፋይል ከ3 ኪሎባይት በታች ሆነ። 2 ሜጋባይት ከነበረው ጋር ሲተያይ በሞባይል ዳታ ለሚከፍተው ደንበኛ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ዌብሳይቱ የተሠራበት ፕሮግራም፣ ዎርድፕረስ፣ ግን አልቀበልም አለ። ኤስቪጂ ጽሑፍ ስለሆነ ውስጡ ተንኮለኛ ኮድ ሊደበቅ ይችላል፤ ለጥንቃቄ ሲባል መጫኑን ይከለክላል። ክልከላው ልክ ነው። የራሴ ፋይል ስለሆነና እያንዳንዷን መስመር ስለማውቃት በቀጥታ የዌብሳይቱ ፎልደር ውስጥ አስገባሁት። ምንጩን ለማታውቁት ፋይል ግን ይህን አታድርጉ።

ደግሞም ኤስቪጂ የማይሆንበት ቦታ አለ። አንድ ሰው የዌብሳይቱን ሊንክ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ ለሚወጣው ምስል 1200 በ630 ፒክስል የሆነ ፒኤንጂ፣ ማለትም በፒክስል የተሠራ የምስል ፋይል አዘጋጀሁ። እዚያ ላይ ቦታ ስላለ 24ቱም ክሮች አሉ። ጋሼ ያንን ሲያዩ ዝም አሉ፤ ከዚያ ለልጃቸው «ይሄን ለአክስትሽ ላኪላት» አሏት።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ብራውዘሩ ታብ ላይ የምትወጣው ምልክት 16 በ16 ፒክስል ናት። 4 ክር እንኳ አይገባባትም። እኔ የሱቁን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ እናድርግ ብዬ ነበር። ጋሼ «መስቀሉ ካልሆነ የማን ሱቅ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አሉ። ትናንት ሌላ ወረቀት ሰጡኝ። 2 ክር ብቻ ቀርቷል፤ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተጋድሞ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍተት። ሁለቱም ከ7 እስከ 9 ይቀመጣሉ። ክፍተቷን የት እንደማስቀምጣት ገና እያሰብኩ ነው።